ከብላይናቮን የከሰል ጉድጓድ መልስ
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከጉብኝት የተመለሰ ተማሪ ያየውን ለጓደኞቹ ሳያካፍል ዝም ሊል አይገባም ብሎ የማኅበራችን ጸሐፊ ስለያዘኝ፣ ይኸው ዛሬ ማታ በፊታችሁ ቆሜአለሁ። ስለ ለንደን ታላላቅ ሕንፃዎች ይነግረናል ብሎ የመጣ ሰው ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ የምናገረው ስለ አንድ ጉድጓድና በዚያ ጉድጓድ ስለኖረች ትንሽ ከተማ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ ላስታውቅ።

ከተማዪቱ ብላይናቮን ትባላለች። የምትገኘውም በደቡብ ዌልስ፣ ከባሕሩ ዳር ወደ ሰሜን በሚወጣ ጠባብ ሸለቆ ራስ ላይ ነው፤ ስሟም በዌልስ ቋንቋ ይህንኑ፣ የወንዝ ራስ መሆኗን የሚገልጽ ነው። ከኒውፖርት የተሳፈርንበት አውቶቡስ ሸለቆውን እየተከተለ ሲወጣ፣ የምህንድስና ተማሪ የሆነ አንድ ጓደኛችን «የሞተ ፋብሪካ ለማየት ይህን ያህል መንገድ! የሚሠራ ፋብሪካ ብናይ አይሻልም ነበር?» እያለ ያጉረመርም ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ ከእርሱ ጋር ነበርሁ። በመስኮት የሚታየውም ነገር ሐሳቡን የሚደግፍ ነበር፤ ለምለም ኮረብታ፣ በጎች፣ በረድፍ የተሠሩ ጸጥ ያሉ ቤቶች። ጢስ የለም፤ የመዶሻ ድምፅ የለም። ከኮረብቶቹ አንዳንዶቹ ግን ሰው ከመሬት ሆድ አውጥቶ የከመራቸው መሆናቸውን ያወቅነው ኋላ ነው።

በመጀመሪያ ያየነው የብረት ማቅለጫውን ነው። ለብረት ሥራ የሚያስፈልጉት ነገሮች፣ ማለትም የብረት ማዕድን፣ የድንጋይ ከሰልና የኖራ ድንጋይ፣ በዚያ ተራራ ውስጥና ዙሪያ ተቀራርበው ይገኛሉ። ይህን የተመለከቱ ሦስት ባለ ገንዘቦች መሬቱን ከባላባቱ ተከራይተው በ1789 ብረት ማቅለጥ ጀመሩ። ምድጃዎቹ የተሠሩት ገደሉን ተደግፈው ነው፤ ማዕድኑና ከሰሉ ከላይ በአፋቸው ይጨመራል፣ የቀለጠው ብረት ከታች ይፈሳል። አየሩን የሚነፋላቸውም የወንዝ ኃይል ሳይሆን የእንፋሎት ሞተር ነበር። ሥራው በተጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዌልስ ታላላቅ ማቅለጫዎች አንዱ ሆነ። ዛሬ ምድጃዎቹ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ በድንጋዩ ስንጥቅ ሣር በቅሎባቸዋል።

የምህንድስናው ጓደኛችን ማጉረምረሙን ያቆመው እዚህ ግቢ ውስጥ በ1839 ከተሠራው የድንጋይ ግንብ ሥር ስንደርስ ነው። ግንቡ የክብደት ማንሻ ነው። በሰንሰለት የተያያዙ ሁለት መድረኮች ነበሩት፤ ከላይ ባለው መድረክ ሥር ያለው ጋን በውሃ ሲሞላ በክብደቱ ይወርድና፣ ሌላውን መድረክ ከነተጫነው ጋሪ ወደ ላይኛው ግቢ ያነሣዋል። ታች ሲደርስ ውሃው ይፈሳል፤ ሥራው እንደገና ይጀመራል። እሳት የለ፣ ሞተር የለ፤ ውሃና ሚዛን ብቻ። ጓደኛችን ደብተሩን አውጥቶ ሥዕሉን ይስል ጀመር።

እኔን ያቆመኝ ግን ከግንቡ ይልቅ በምድጃዎቹ አጠገብ ያሉት የሠራተኞች ቤቶች ናቸው። በእነዚያ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ቤተሰብ ሙሉ፣ አንዳንዴም ከነደባሎቹ ይኖር ነበር፤ የምድጃው ብርሃንና ጢስ ሌሊትና ቀን በመስኮት ይገባል። በአቅራቢያው የኩባንያው ሱቅ ነበር። ሠራተኛው ደመወዙን ከኩባንያው ተቀብሎ ዱቄቱንና ሻዩን ከዚያው ከኩባንያው ይገዛል፤ ደመወዝ እስኪደርስ በዱቤ ይወስዳል፤ ደመወዝ በደረሰ ጊዜ የሚቀበለው ዕዳውን ነው። ፓርላማው በ1831 ሠራተኛ ደመወዙን በዕቃ ሳይሆን በገንዘብ እንዲያገኝ ሕግ አወጣ፤ ይሁን እንጂ ሕጉ ወጣ ማለት ልማዱ በማግሥቱ ጠፋ ማለት አልነበረም።

ስለዚሁ ማቅለጫ ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆን አንድ ታሪክ አለ። በ1856 ቤሰመር የሚባለው ሰው ብረትን በአየር እየነፉ በፍጥነት ወደ አረብ ብረት የመለወጥን ዘዴ አስታወቀ፤ ዳሩ ግን በማዕድኑ ውስጥ ፎስፎር ካለ አረብ ብረቱ እየተሰበረ አስቸገረ። የአውሮፓ ማዕድን አብዛኛው ፎስፎር ያለበት ስለ ነበረ ብዙ ሊቃውንት ሲደክሙበት ኖሩ። መፍትሔውን ያገኘው ግን በለንደን የፖሊስ ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ ሲድኒ ጊልክሪስት ቶማስ የተባለ ወጣት ነው። ቀን ቀን የፍርድ ቤት መዝገብ ይጽፋል፤ ማታ ማታ በበርክቤክ ኬሚስትሪ ይማራል። የአጎቱ ልጅ ፐርሲ ጊልክሪስት በብላይናቮን ኬሚስት ስለ ነበረ፣ ሁለቱ ተባብረው በ1877 እና በ1878 እዚህ ሙከራ አደረጉ። የማቅለጫውን የውስጥ ልባስ ከኖራነት ባሕርይ ካለው ጡብ ሠርተው፣ ኖራም ጨምረው ፎስፎሩን ከብረቱ ለዩት። የተለየው ዝቃጭ እንኳ ተፈጭቶ ለእርሻ ማዳበሪያ ሆነ። ቶማስ በ1885 ገና በ34 ዓመቱ ሞተ። ከግኝቱ አብልጠው የተጠቀሙት ደግሞ ብላይናቮን ወይም ዌልስ አይደሉም፤ በሎሬን ፎስፎር የበዛበት ማዕድን ያላቸው ጀርመኖችና ሌሎች የአህጉሩ አገሮች ናቸው። ዕውቀቱ በዚህ ተወለደ፤ እንጀራው ግን ሌላ ቦታ ተጋገረ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጉድጓዱ ሄድን። ስሙ «ቢግ ፒት»፣ ትልቁ ጉድጓድ ነው። በየካቲት ወር 1980 ከሰል ማውጣቱን አቁሞ በ1983 ለጎብኚዎች ተከፈተ፤ በ2000 ዩኔስኮ የብላይናቮንን የኢንዱስትሪ ሥፍራ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከእርሱ ጋር ተቈጠረ። ሙዚየም ይባል እንጂ በሕግ ረገድ እስከ ዛሬ የማዕድን ጉድጓድ ነው። ስለዚህ ከመውረዳችን በፊት ክብሪት፣ ሲጋራ መለኰሻ፣ ስልክ፣ ባትሪ ያለው ሰዓት፣ ብልጭታ ሊያወጣ የሚችለውን ሁሉ አስረከብን። ከዚያም ሄልሜት ከነመብራቱ፣ ከባድ ባትሪና ክፉ አየር ቢያጋጥም ለመተንፈስ የሚረዳ መሣሪያ ያለበት መታጠቂያ ተሰጠን። መታጠቂያው በወገቤ ላይ ሲከብደኝ ጊዜ ጨዋታው ከአፋችን ጠፋ።

አሳንሰሩ የብረት ሳጥን ነው። 90 ሜትር ወረድን። ጭለማው፣ የእርጥብ ድንጋይ ሽታውና በጆሮአችን የሚያፏጨው ነፋስ አንድ ላይ ተቀበሉን። ጣራው ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ረጃጅሞቹ ጓደኞቻችን ሄልሜታቸው ከብረቱ ጋር እየተጋጨ ጐንበስ ብለው ሄዱ። መሪያችን ቀድሞ ራሳቸው ከሰል ቆፋሪ የነበሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። አንድ ከባድ የእንጨት በር ዘንድ ሲደርሱ አቆሙንና መብራታችንን ሁላችን እንድናጠፋ አዘዙ። ከዚያ እጃችሁን ወደ ዓይናችሁ አቅርቡ አሉን። እጄን ከአፍንጫዬ አስጠግቼ ምንም አላየሁም። ሌሊት እንኳ ኮከብ አለው፤ ይህ ጭለማ ሌላ ነው።

በዚያ ጭለማ ውስጥ ቆመን ሳለን መሪያችን የበሩን ታሪክ ነገሩን። ጋዝ እንዳይጠራቀም ነፋሱ በተወሰነለት መንገድ መሄድ አለበት፤ ስለዚህ በሮቹ ተዘግተው ይቆዩና ጋሪ ሲመጣ ብቻ ይከፈታሉ። ይህ ቀላል ሥራ ስለ ሆነ በየጉድጓዱ ለሕፃናት ይሰጥ ነበር። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ከበሩ ኋላ ተቀምጦ የጋሪ ድምፅ ይጠብቃል። የፓርላማው መርማሪዎች ይህን ጽፈው ካወጡ በኋላ በ1842 ሴቶችና ዐሥር ዓመት ያልሞላቸው ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ተከለከለ። ዐሥር ዓመት የሞላው ግን ይወርድ ነበር። ያን ጊዜ ከእኛ መካከል የተነፈሰ ሰው አልነበረም። መብራታችንን ስናበራ እርስ በርሳችን ለመተያየት አፈርን።

እንግዲህ በዚህ ንግግር ልላችሁ የፈለግሁት ነገር ከዚህ የተነሣ ነው። ሥፍራው በጣም ንጹሕ ነው። ሣሩ የታጨደ ነው፤ ብረቱ ቀለም የተቀባ ነው፤ ከሙዚየሙ አጠገብ ሻይ ይሸጣል። ይህ ንጽሕና በአንድ በኩል ያስመሰግናል፤ በሌላ በኩል ግን ጎብኚውን ያታልላል። ድምፁን፣ ሽታውን፣ ሳንባ ውስጥ የሚቀረውን አቧራ ሙዚየም ሊያስቀምጥ አይችልም። ሊያስቀምጠው የሚችለው ሠርቶ ያየው ሰው ምስክርነት ነው። እኔም ስንወጣ መሪያችንን «ጉድጓዱ እንደገና ቢከፈት ይወዱ ነበርን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳንባቸውን በእጃቸው መታ መታ አድርገው ይህን ለማንም አልመኝም አሉኝ፤ ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ ሥራው ግን ናፍቆኛል አሉ። ሁለቱ ነገር እንዴት አብሮ ይኖራል ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ከሰል ቆፍረው የሚያውቁት መሪዎች ዕድሜአቸው እየገፋ ነው። ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው መሪ ያንኑ ታሪክ አጥንቶ ይነግረናል፤ ነገር ግን ሳንባውን እየመታ አይመልስልንም።

አገሩ ምን ያህል በከሰል ይኖር እንደ ነበረ ለመረዳት አንድ ዓመት ብቻ እንጥቀስ። በ1913 ደቡብ ዌልስ 57 ሚሊዮን ቶን ያህል ከሰል አወጣ፤ በጉድጓዶቹ የሚሠራውም ሕዝብ ከ230,000 በላይ ነበር። ያ ከሰል በካርዲፍና በባሪ ወደቦች በኩል የዓለምን መርከቦች ያንቀሳቅስ ነበር። በነገራችን ላይ ከአፍሪቃ ቀንድ የሄዱ የሶማሌ መርከበኞች ካርዲፍ የሰፈሩት በዚሁ ከሰል ምክንያት ነው፤ በመርከቡ ሆድ ምድጃውን ይቀልቡ የነበሩት እነርሱ ናቸው። በዚያው በ1913 ጥቅምት ወር ሰንገኒዝ በተባለ መንደር ጉድጓዱ ፈንድቶ 439 ቆፋሪዎች በአንድ ቀን አለቁ። የቶኑ ቍጥርና የሬሳው ቍጥር የአንድ ዓመት መዝገብ ናቸው።

ሕዝቡ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በብላይናቮን መካከል እንደ ቤተ መንግሥት የሚታይ ትልቅ ሕንፃ አለ። ባለጠጋ የሠራው መስሎኝ ነበር፤ ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም እያዋጡ ያሠሩት፣ በ1895 የተከፈተ አዳራሻቸው ነው። ቤተ መጻሕፍትና የጋዜጣ ማንበቢያ ክፍል ነበረው። ብዙ ሳይርቅ በትሬዲገር ደግሞ ሠራተኞቹ እንዲሁ እያዋጡ ሐኪም ቀጥረው ቤተሰባቸውን ያሳክሙ ነበር። በ13 ዓመቱ ጉድጓድ የወረደው የዚያች ከተማ ልጅ አናይረን ቤቫን የጤና ጥበቃ ሚኒስትር በሆነ ጊዜ፣ በ1948 ለአገሩ ሁሉ ነጻ ሕክምና ሲያቋቁም አርአያው ይኸው የመንደሩ ማኅበር ነበር። ታወር የተባለውም ጉድጓድ በ1994 ሲዘጋ 239 ሠራተኞች ከሥራ ስንብት ገንዘባቸው ስምንት ስምንት ሺህ ፓውንድ አውጥተው ገዙት፤ ከሰሉ እስኪያልቅ እስከ 2008 ድረስም ራሳቸው አሠሩት። ለምህንድስናው ጓደኛችን የውሃው ግንብ እንደ ገረመው፣ እኔን የገረመኝ ይህ ነው።

በማግሥቱ ወደ አበርቫን ሄድን። ይህ በፕሮግራማችን አልነበረም፤ ከመካከላችን አንዲት እኅት ካልሄድን ብላ አስቸገረችን፤ ደግ አደረገች። በዚያ መንደር በላይ ከጉድጓድ የወጣው ጥራጊ በምንጭ ውሃ ላይ ይከመር ነበር። አደጋ እንዳለው ከ1963 ጀምሮ በደብዳቤ ተጽፏል፤ የሰማ አልነበረም። ጥቅምት 21 ቀን 1966 ዓርብ ጧት ልጆቹ ክፍላቸው እንደ ገቡ ክምሩ ተንዶ በትምህርት ቤቱ ላይ ወረደ። 116 ልጆችና 28 ትልልቅ ሰዎች ሞቱ። መርማሪው ሸንጎ ጥፋቱ የከሰል ቦርዱ ነው ብሎ ፈረደ። ቀሪዎቹ ክምሮች እንዲነሡ ወላጆቹ በጠየቁ ጊዜ ግን ለማንሻው 150,000 ፓውንድ የተወሰደው ሕዝብ ለተጎጂዎቹ ካዋጣው ገንዘብ ላይ ነው። ገንዘቡ የተመለሰው በ1997፣ ያውም ያለ ወለድ ነው። በ2007 የዌልስ መንግሥት ሌላ ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ጨመረ።

የመቃብሩ ቦታ ከኮረብታው ጎን ነው፤ ነጫጭ ቅስቶቹ በረድፍ ቆመዋል። በድንጋዮቹ ላይ ያሉትን ዕድሜዎች እያነበብን ሄድን፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር። የምህንድስናው ጓደኛችን ደብተሩን ይዞ ነበር፤ አልከፈተውም። በአውቶቡሱም ውስጥ እስከ ካርዲፍ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም።

ያነሣናቸው ፎቶግራፎች በማንበቢያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ የውሃው ግንብ ሥዕልም አብሮ አለ። ስለ ግንቡ የሚጠይቅ ካለ ሥዕሉን የሣለው ጓደኛችን ከኋላ ወንበር ተቀምጧል፤ የቀረውን ለመመለስ እኔ እሞክራለሁ።