ሌሊት የሚያልበን ለምንድን ነው? መቼስ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)








የልማት ጣቢያ ሠራተኛ መድረክ ላይ ሲወጣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መስመር ዘር ወይም ስለ ብድር አመላለስ ይናገራል ብላችሁ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ዛሬ ግን የተፈቀደልኝን ጥቂት ደቂቃ የምጠቀምበት ስለ ሌሊት ላብ ለመናገር ነው። ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ እውነታችሁን ነው። ሐኪም አይደለሁም። ዲፕሎማዬን ያገኘሁት ከግብርና ኮሌጅ በዕፅዋት ሳይንስ ነው። የምነግራችሁን የሕክምና ነገር ከቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና ከጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ጠይቄ አጣርቻለሁ። መጀመሪያ የማወራው ግን የራሴን ነው፤ ጥፋቱም የራሴ ነበርና።

በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ የአንድ አባላችንን የስንዴ ማሳ ዋግ እንዳይመታው በየሳምንቱ እየሄድኩ አይ ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅደውልኛል። ማለዳ በደረስኩ ቁጥር አጥሩ ላይ ጋቢና አንሶላ ተሰጥቶ አገኛለሁ። በሦስተኛው ሳምንት «ጋሼ፣ በዚህ ብርድ በየቀኑ ጋቢ የሚያጥብ የእናንተ ቤት ብቻ ነው» ብዬ ቀለድኩ። እሳቸው ሳቁ። ባለቤታቸው አልሳቁም። «ልጄ፣ ታጥቦ አይደለም። ሌሊት በላብ ርሶ ነው የሚያድረው። አውልቄ ሌላ አለብሳቸዋለሁ፤ እሱም ይርሳል» አሉኝ። ጋሼ ቀበል አድርገው «ምች ነው። አጨዳው ይለፍ እንጂ ይተወኛል» አሉ። ዳማከሴ ጠጥተዋል፣ ፌጦም ወስደዋል። እኔም «እግዜር ይማርዎ» ብዬ ወደ ማሳው ገባሁ።

ያን ዕለት አንድ ሰዓት ሙሉ ቅጠል እያገላበጥን ቢጫ ዱቄት ስንፈልግ ቆየን። አንድ ቅጠል ላይ ቢገኝ ኖሮ በማግስቱ መድኃኒት አስረጭ ነበር። «አጨዳው ይለፍና እናየዋለን» የሚል ገበሬ ቢያጋጥመኝ እቆጣው ነበር። ስለ ገዛ ሰውነታቸው «አጨዳው ይለፍ» ሲሉኝ ግን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

አጨዳው አለፈ። ታኅሣሥ ላይ ጆንያ ማንሳት አቃታቸው። ቀበቷቸው ላይ በምስማር የተበሱ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ። እህል ሊያስረክቡ መጋዘን ሲመጡ የጫኝና አውራጅ ልጆች ለጨዋታ ሚዛን ላይ አወጧቸው፤ 49 ኪሎ። ባለፈው ዓመት በዚያው ሚዛን ላይ 60 አልፈው ነበር። መጋዘን ጠባቂያችን ጨዋታውን አቁሞ «ጋሼ፣ ዛሬ ወደ ቤት አይሄዱም፤ ጤና ጣቢያ ነው የሚሄዱት» አላቸው። ሄዱ። አክታቸው ተመረመረ፤ የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ቤተሰቡ ሲመረመር የአራት ዓመት ልጃቸውም ታሟል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከአባቱ ጋር በአንድ ክፍል ነበር ያደረው። ሁለቱም መድኃኒታቸውን ጨርሰው ድነዋል። እኔ ግን ያን አንድ ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ላብ ሁሉ በሽታ አይደለም። ምድጃ ሲነድ ባመሸ ቤት፣ በወፍራም ብርድ ልብስ፣ አረቄ ተጠጥቶ፣ የሚያስጨንቅ ሕልም ታልሞ ሰው ያልበዋል። ትኩሳት የሚያበርድ ክኒን የወሰደ ሰውም ያልበዋል። እናቶቼ፣ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ የወር አበባ ሊቋረጥ ሲል ድንገት እሳት የሚመስል ሙቀትና ላብ ይመጣል፤ ይህ የተፈጥሮ ነው፤ እንቅልፍ ከነሳ ግን ለሐኪም መንገር አያሳፍርም። የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ወስዶ በቂ ሳይበላ ቢተኛ ስኳሩ ከመጠን በታች ወርዶ ሊያልበው፣ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቀባዥር ይችላል። ራሱን እስካወቀና መዋጥ እስከቻለ ድረስ ወዲያው ስኳር ያለበት ነገር ይሰጠው፤ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይደረግ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

እዚህ ላይ የራሴን ሙያ የሚነካ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ማላታዮን የመሰለ ፀረ ተባይ ረጭቶ የገባ ሰው በዚያው ዕለት ቢያልበው፣ ምራቁ ቢዝረበረብ፣ ዓይኑ ቢያለቅስ፣ ጡንቻው ቢርገበገብ ያ መመረዝ ነው። ልብሱን አውልቃችሁ፣ ገላውን በሳሙና አጥባችሁ፣ የመድኃኒቱን ዕቃ ይዛችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዱት።

የሚያሳስበን ላብ ሌላ ነው። ክፍሉ ቀዝቃዛ፣ ልብሱ ቀላል ሆኖ ሳለ ሸሚዝና አንሶላ እስኪቀየር ድረስ የሚያርስ፣ ምክንያቱ የማይታወቅና እየተመላለሰ የሚመጣ ላብ ነው። ለምን ሌሊት? ብዬ ጠይቄ ነበር። የሰው የሰውነት ሙቀት ቀኑን ሙሉ እኩል አይደለም፤ ወደ ማታ ከፍ ይላል፣ ሊነጋጋ ሲል ዝቅ ይላል። ሰውነት ውስጥ ከገባ ተሐዋሲ ጋር ሲታገል ማታ ማታ ሙቀቱ ከልክ ያልፋል። ሌሊት ሲወርድ የሚወርደው በላብ ነው። ቀን እርፍ ይዞ የዋለ ሰው ሌሊት በላብ የሚጠመቀው ለዚህ ነው፤ ቀን ደኅና መሆኑ ሊያታልለን አይገባም።

ከእነዚህ በሽታዎች አንዱ ቲቢ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ተሐዋሲውን ማግኘቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነው፤ ዕለቱ እስከ ዛሬ የዓለም የቲቢ ቀን ሆኖ ይታሰባል። ቲቢ በዘር የሚወረስ፣ በብርድ የሚመጣ ወይም የእርግማን በሽታ አይደለም። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስልና ሲያስነጥስ ከሚወጣው አየር ይተላለፋል፤ ጠባብና መስኮት የሌለው ቤት ያመቸዋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የምሽት ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስና የምግብ ፍላጎት መጥፋት ምልክቶቹ ናቸው። ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ያለ ሰው ከሆነ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ሳሉ በጀመረ ጊዜ ይመርመር። «እኔ አላስልም፣ ቲቢ አይደለም» የሚል ደግሞ አለ። ቲቢ ከሳንባ ውጭም ይይዛል፤ አንገት ላይ በማያም እብጠት ብቻ የሚታይበት ጊዜ አለ።

መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው የሚሰጠው። ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው ለስድስት ወር ነው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ ጋሼ ደም መስሏቸው ደንግጠው ነበር። ቀድሞ የነገራቸው ቢኖር ባልደነገጡ። በሽተኛው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሻለዋል፣ ላቡ ይጠፋል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። «ድኛለሁ» ብሎ ያቋርጣል። የአረም ማጥፊያውን መጠን ቀንሰን በረጨንበት ማሳ ላይ ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቃላችሁ፤ የተረፈው አረም ከዓመት ዓመት መድኃኒቱን ይለምደዋል። ቲቢም እንደዚሁ መድኃኒት የማይበግረው ይሆናል፤ ያኔ ሕክምናው እጅግ ይከብዳል።

ሁለተኛው ከበረታችን የሚመጣው ነው፤ ብሩሴሎሲስ፣ በከብት ደግሞ የውርጃ በሽታ የምንለው። ላሟ ብዙውን ጊዜ ከአምስት ወር እርግዝና በኋላ ትጨነግፋለች፤ እንግዴ ልጁም ላይወርድ ይችላል። ሰው የሚይዘው ያልፈላ ወተት በመጠጣት ወይም የጨነገፈውን ጥጃና እንግዴ ልጅ በባዶ እጅ በመንካት ነው። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ብርቱ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ በወንዶች ላይ የዘር ፍሬ እብጠት ያስከትላል። ዴቪድ ብሩስ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ተሐዋሲውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1887 በማልታ ደሴት በወታደሮች ላይ ነው። በሽታው ከፍየል ወተት እንደሚመጣ የታወቀው ግን በ1905 ነበር። ወታደሮቹ ያን ወተት እንዳይጠጡ ሲከለከሉ ሕመሙ በእጅጉ ቀነሰ።

ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ከወባና ከታይፎይድ ጋር ይምታታል። ባለሙያው ስለ ላማችሁ ካልነገራችሁት ሊጠረጥር አይችልም። ስለዚህ «ላሜ ጨንግፋለች፣ ጥሬ ወተትም እንጠጣለን» ብላችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሕክምናው ቢያንስ ስድስት ሳምንት የሚወሰድ ከአንድ በላይ መድኃኒት ነው። ወተቱን አፍሉ፤ እርጎ መሆኑ ብቻ አስተማማኝ አይደለም። የጨነገፈውን በፌስታልም ቢሆን እጃችሁን ሸፍናችሁ በጥልቅ ቅበሩ፤ ለውሻ አትጣሉ። ለእንስሳት ጤና ባለሙያም አሳውቁ። እኛ የልማት ሠራተኞችም ውርጃን በሪፖርት ላይ በቁጥር ብቻ ሞልተን ማለፋችን ይብቃ፤ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ ወይ ብለን እንጠይቅ።

ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ልጆቻችንስ? ተመልሰው ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ካተኮሳቸውና ካላባቸው ወባ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ዕለት ጤና ኬላ ሄደው ደማቸው ይታይ። ከሁለት ሳምንት የቆየ ትኩሳት፣ ክሳትና በግራ ጎን በኩል የሆድ ማበጥ ካለ ካላዛር ይጠረጠራል፤ ካልታከመ ይገድላል። ቆላ ወርደው እንደነበር መናገር አለባቸው።

እንግዲህ መቼ እንሂድ? ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከላብ ጋር የደረት ሕመም፣ መቀባዠር ወይም የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ካለ ዛሬውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካተኮሳቸው አይቆዩ። ይህ ሁሉ ሳይኖር የሚያርስ ላብ ብቻ እየተመላለሰ ከመጣ በዚያው ሳምንት ሂዱ፤ ሳል፣ ክሳት ወይም በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽት ላይ እብጠት ከታከለበት ጭራሽ ቀን አትቁጠሩ። ምርመራው ምንም አላሳየም ተብላችሁ ላቡ ካልተወ ተመለሱ፤ አልፎ አልፎ የደም ካንሰርን የመሰለ ከባድ ሕመም በዚህ ይጀምራል። ከሱቅ የተገዛ ወይም ከጎረቤት የተረፈ አምፒሲሊን ውጣችሁ አትቆዩ፤ በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ስትሄዱም ላቡ መቼ እንደጀመረ፣ በሳምንት ስንት ሌሊት እንደሆነ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ። አልጋ የምታነጥፍ ሚስት አብራ ብትሄድ መልካም ነው፤ ከባለቤቱ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

ክቡራን አመራሮች፣ ጋሼ የፈሩት በሽታውን አልነበረም፤ አዝመራውን ነው። ታመው ጤና ጣቢያ ሲመላለሱ የቀረውን ውቂያ ጎረቤት በወንፈል ጨረሰላቸው። መስከረም ላይ «እኛ እናጭደዋለን፣ እርስዎ ይሂዱ» ብለናቸው ቢሆን ኖሮ ልጁ ላይታመም ይችል ነበር። ስለዚህ በየመሠረታዊ ማኅበሩ፣ በአጨዳ ወቅት ታሞ ሕክምና የሚሄድ አባል ማሳው በወንፈል እንዲታጨድ አሁኑኑ እንዲወሰን እጠይቃለሁ። ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አሥር ደቂቃ ይሰጣት፤ ስብሰባ የማይመጣ አባል ለማዳበሪያ ይመጣልና። የመጋዘናችን ሚዛንም በዚያ ቀን ከጆንያ በፊት ሰው ይመዝን። ክብደቱን በአባልነት ደብተሩ ጀርባ ላይ ይጻፍለት፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ይነጻጸራል።

ጋሼ ባለፈው ሳምንት በዚያው ሚዛን ላይ ወጥተው ነበር፤ 62 ኪሎ። ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፤ የት እንደተቀመጡ ግን አልናገርም።