ከጉንፋን በኋላ ዓይን ቢጫ ሲሆን



  በዛሬው ዝግጅታችን ብዙዎቻችን በአንድ ስም ብቻ ስለምንጠራው የዓይን ቢጫ መሆን እንወያያለን።

በላሊበላም ሆነ በላስታ ደጋ ቀበሌዎች የልጅ ዓይን ቢጫ ሲሆን ‹‹የወፍ በሽታ ነው›› ይባልና መድኃኒት ወደሚያውቅ ሰው ይወሰዳል። የወፍ በሽታ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ የጉበት ሕመም ነው። ነገር ግን ጉበት ደህና ሆኖም ዓይን ቢጫ ሊሆን ይችላል። ቢጫው ቀለም የሚመጣው ከሚፈርሱ ቀይ የደም ሕዋሳት ነውና፣ ብዙ ሕዋስ በአንድ ጊዜ ሲፈርስ ጉበት ቀለሙን አስወግዶ መጨረስ ያቅተዋል።

ጤነኛ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል። ቫይረስ ሲገባብን ሰውነታችን መከላከያ ያዘጋጃል። አልፎ አልፎ ግን ይህ መከላከያ ተሳስቶ የራሳችንን ቀይ ሕዋሳት እንደ ጠላት ይይዛቸዋል፤ ጣፊያም የተያዙትን ያፈርሳቸዋል። ይህ በልጆች ላይ ከጉንፋን መሰል ሕመም በኋላ ይታያል። በ2012 ዓ.ም. አገራችን የገባው ኮቪድም በልዩ ልዩ አገሮች በጥቂት ሕሙማን ላይ ይህንን አስከትሏል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ደምን ሊያሟጥጥ ይችላል።

ታዲያ በምን እንለየው? ከዓይን ቢጫነት ጋር ከንፈርና መዳፍ ከነጣ፣ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ፣ ትንሽ መንገድ የሚያስለከልክ ከሆነ፣ ልብም በኃይል ከመታ፣ ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ በሆነበት አገር ደም ያነሰው ሰው ቶሎ ይደክማል። ከመተማ ወይም ከሁመራ ሥራ የተመለሰ ሰው ከሆነ ደግሞ ወባም ይህንኑ ምልክት ስለሚያሳይ የወባ ምርመራ አይቅር።

ሐኪሙ የደሙን መጠን ይለካል። መከላከያው ሕዋሱ ላይ መለጠፉን የሚያሳየው በ1945 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የወጣው የኩምብስ ምርመራ ነው። ይህ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ሪፈር ከተባልን አንዘግይ። ‹‹ደም ማነስ ነው›› ብሎ የብረት ክኒን ብቻ መዋጥ የሕዋሱን መፍረስ አያቆመውም። ፕሬድኒሶሎን የታዘዘለት ሰው ‹‹ተሻለኝ›› ብሎ በገዛ ፈቃዱ በድንገት አያቋርጥ። ሕይወት አስጊ ደረጃ ሲደርስ ደም መስጠት ያስፈልጋልና ቤተሰብ ለመለገስ ይዘጋጅ።

አንዱ ዓይነት ደግሞ በብርድ ይብሳል። የላስታን ንጋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ እጅና እግሩ ይሸፈን፤ የውዱእ ውሃውም ይሙቅለት። ውሃ እንደሚጎዳው ሐኪም ከነገረው ተየሙም ተፈቅዶለታል። ጾሙንም ሲድን ቀዷ ያወጣል። አላህ ያገራውን በራሳችን ላይ አናክብደው።

የባህል መድኃኒት የምትሰጡ እናቶቻችንና አባቶቻችን ሆይ፣ አደራችን ለእናንተም ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ልጅ ሲመጣላችሁ መዳፉን እዩት፤ ሽንቱንም ጠይቁ። ነጥቶ፣ ሽንቱም ጠቁሮ ካገኛችሁት ‹‹መጀመሪያ ሆስፒታል›› በሉ። የእናንተ ቃል ይሰማልና በዚያች ቃል ልጁ ሊተርፍ ይችላል፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን።