ለመምህር ምስክር ያሻዋል፤ ስለ ዮጋ መምህራን ከፍተኛ ሥልጠና



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ነገር ለአንዳንዱ አድማጭ እንግዳ፣ ለሌላው ደግሞ የታወቀ ሊሆን ይችላል። ይኸውም ዮጋ የተባለውን የሰውነትና የአተነፋፈስ ልምምድ ለሌላው የሚያስተምር ሰው፣ ከመጀመሪያው ትምህርቱ በላይ ምን ዐይነት ሥልጠና ሊኖረው እንደሚገባ ነው። ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች መዝናኛ ብቻ መስሎ የሚታየው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ወገቡንና አንገቱን ለሌላ ሰው ትእዛዝ አሳልፎ የሚሰጥ ሁሉ ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ማወቅ መብቱ ነው።

ዮጋ የሚለው ቃል ከጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት የመጣ ሲሆን፣ ሥረ ነገሩ ማጣመር፣ መጥመድ ማለት ነው። በሬዎቹን በቀንበር ለሚያጣምር ገበሬ ፍቺው አይርቀውም፤ ሰውነትና አሳብ በአንድነት ተጠምደው እኩል እንዲሄዱ ማድረግ ነው።

የድሬዳዋና የሐረርጌ ሕዝብ ከሕንድ ሰዎች ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ፣ ከሌሎቹ የውጭ አገር ነጋዴዎች ጋር ሕንዳውያንም በከተማይቱ ይነግዱ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሐረር ጦር አካዳሚ ሲቋቋም እጩ መኮንኖቹን ያሠለጠኑት የሕንድ ጦር መኮንኖች ናቸው። በዚያው ዘመን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩትን ሕንዳውያን መምህራንም ብዙ ሰዎች ያስታውሷቸዋል። ዮጋ ግን ዓለምን ያዳረሰው በሌላ መንገድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ ወር 2007 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፣ ሰኔ 14 ቀን በየዓመቱ ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ሆኖ እንዲከበር አደረገ።

ትምህርቱ እንዲህ ሲስፋፋ መምህር የሚባለውም ሰው በዚያው መጠን በዛ። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የተቋቋመው ዮጋ አሊያንስ የተባለው ማኅበር ለመጀመሪያ ደረጃ መምህር የሚጠይቀው ሥልጠና 200 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት የሚማር ሰው ይህን በ25 ቀን ይፈጽመዋል። ከዚህም ውስጥ ስለ አካል ክፍሎችና ስለ አሠራራቸው የሚማረው 30 ሰዓት ያህል ነው። 300 ሰዓት ጨምሮ የተማረ እንደ ሆነ የ500 ሰዓት መምህር ይባላል። በሕንድ አገርም መንግሥት ያቆመው ቦርድ መምህራንን በየደረጃው ከፍሎ፣ ከ200 ሰዓት ተነሥቶ እስከ 1600 ሰዓት ያደርሳቸዋል። እስቲ አስቡት፤ 25 ቀን ብቻ ለተማረ ወጌሻ የወለቀ ትከሻውን ደፍሮ የሚሰጥ ማን ነው?

እንግዲህ ተጨማሪው ሰዓት በምን ይሞላል? ብዙ ሰዎች ከፍተኛ ሥልጠና ሲባል ይበልጥ የሚከብድ ልምምድ፣ በራስ ቆሞ እግርን ወደ ላይ መስቀል፣ እንደ ቀስት ወደ ኋላ መለመጥ ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለው ችሎታ ግን የመምህሩን ሰውነት ቢያሳምር እንጂ ለተማሪው የሚተርፍ ጥቅም የለውም።

በዚህ ረገድ የገዛ አገራችን ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ድጓን የተማረ ሁሉ የድጓ መምህር አይሆንም። ቃል በቃል ከዘለቀው በኋላ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ በምስክሩ መምህር ፊት ይታረማል፤ ተፈትኖም ሲያልፍ ይመሰከርለታል። ለዝማሬና ለመዋሥዕትም ዙር አምባ እንዲሁ የማስመስከሪያ ቦታ ነው። በእስልምናውም ትምህርት ደረሳው ኪታቡን በሸኹ ፊት አንብቦ፣ ተጠይቆና ታርሞ፣ ኢጃዛ ሲሰጠው ነው ለሌላው ለማስተማር የሚፈቀድለት። ሁለቱም ወገኖች ለራስ ማወቅና ለሌላው ማሳወቅ የተለያዩ መሆናቸውን አስቀድመው የተረዱ ናቸው። የዮጋም ከፍተኛ ሥልጠና በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል።

ከዚህ ሥልጠና ዋነኛው ክፍል ጉዳትን ማወቅ ነው። ሪቺ ራስል የተባሉ የብሪታንያ የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ጽሑፍ፣ አንገትን ከመጠን በላይ የሚያጥፍ ልምምድ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱትን ሥሮች ሊጎዳ እንደሚችል አስጠነቀቁ። በተከታዩ ዓመት ናግለር የተባሉ በአሜሪካ የሚሠሩ ሐኪም፣ አንዲት የ28 ዓመት ጤነኛ ሴት ወደ ኋላ ተለምጣ በራሷ ላይ በተደገፈች ጊዜ በአንጎሏ ላይ ጉዳት እንደ ደረሰባት ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ደግሞ ሰው በራሱ ሲቆም በዐይኑ ውስጥ ያለው ግፊት እጥፍ ያህል እንደሚሆን አሳየ። ስለዚህ ግላኮማ የተባለው የዐይን በሽታ ያለበትን ሰው በራስህ ቁም ማለት ብርሃኑን አደጋ ላይ መጣል ነው።

ይህን ማለታችን ሰውን ለማስፈራራት አይደለም። እንዲህ ያለው ከባድ ጉዳት ጥቂት ነው፤ ጥቅሙም የተመሰከረ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት አስቀድሞ ሊሞከሩ ከሚገባቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ መሆኑን ገልጿል። ይሁን እንጂ ያው ልምምድ ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን ለይቶ የሚያውቅ መምህር ያስፈልጋል።

በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀው ሕንዳዊው ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1918 ተወልደው፣ በልጅነታቸው በወባ፣ በታይፎይድና በሳንባ ነቀርሳ ተሠቃይተው ያደጉ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 እስካረፉ ድረስ ባስተማሩበት ረጅም ዘመን፣ እጁ መሬት የማይደርስለትን ሰው ከእንጨት ጡብ ላይ፣ እግሩ የማይዘረጋለትን በመታጠቂያ፣ መቆም የሚያቅተውን በወንበር እየደገፉ አስተምረዋል። ልምምዱን ለሰው ልክ ሰፉለት እንጂ ሰውን ለልምምዱ ልክ አልቆረጡትም።

አሁን ደግሞ ወደ ከተማችን እንመለስ። ከውጭ አገር የሚመጣው የሥልጠና መጽሐፍ ድሬዳዋን አያውቃትም። በቀዝቃዛ አገሮች ክፍሉን ወደ 40 ዲግሪ አሙቀው የሚለማመዱ ሰዎች አሉ፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቷ ወደ 35 ዲግሪ ለሚጠጋው ለድሬዳዋ ግን ተጨማሪ ምድጃ አያሻትም። በዚህ የሚያስተምር ሰው ጎሕ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሥራትን፣ የውሃ ጥማትንና ከሙቀት የሚመጣን ድካም ከምልክታቸው ለይቶ ማወቅን መማር አለበት።

ጾምም አለ። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልቀመሰ ሙስሊም፣ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ክርስቲያን በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ያለበትም ከመካከላቸው አይጠፋም። ከበርጫ ተነሥቶ የሚመጣም አለ፤ ጫት የልብን ትርታ የሚያፈጥንና የደምን ግፊት ከፍ የሚያደርግ ስለ ሆነ፣ መምህሩ ሳያሳፍር የመጠየቅን ብልሃት ሊማር ይገባዋል።

የሃይማኖትም ነገር በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 የአምልኮ ቃል ያለበትን ዮጋ ለሙስሊሞች ከለከለ፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ዮጋን እንደ ስፖርት ተቀበለች። ከዚህ የምንረዳው፣ የሰውነቱ ልምምድና ከሌላ እምነት የመጣው ጸሎት ተለያይተው ሊታዩ እንደሚችሉ ነው። መምህሩ በትምህርቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስቀድሞ በግልጥ ይንገር፤ ተማሪውም እንደ ኅሊናው ይቀበል ወይም ይተው። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ተጎራብተው በሚኖሩባት ከተማ ይህ ግልጽነት የሙያው አካል ነው።

ይህን ሁሉ ለማስተማር የሚበቁ ዐዋቂዎች ሩቅ አይደሉም። በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና፣ በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ይሰጣል፤ የድል ጮራ ሆስፒታልም በከተማይቱ መካከል አለ። ከሕንድ የመጣውን ጥበብ ከእነዚህ ዕውቀት ጋር ያጣመረ ሥልጠና ቢዘጋጅ፣ ስሙ እንደሚለው እውነተኛ ዮጋ ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ ወደ ዮጋ ትምህርት የምትሄዱ አድማጮቻችን መምህሩን አራት ነገር ጠይቁ። ስንት ሰዓት፣ ከማን ዘንድ ተማርህ? ማን እያየህና እያረመህ አስተማርህ? ስለ ሕመሜ ሳትጠይቀኝ ለምን ታስጀምረኛለህ? ይህ ልምምድ ለእኔ የማይሆን ከሆነስ በምን ትተካልኛለህ? በሚገባ የሠለጠነ መምህር በጥያቄው አይቀየምም። የሚቆጣውን ግን ምንጣፋችሁን ጠቅልላችሁ በሰላም ተሰናበቱት።