ከውኃ በታች ስላለው ሚዛን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ ስለ ግድብ ወይም ስለ ድልድይ እናገራለሁ ተብሎ የታሰበ ይመስለኛል። እኔ የመረጥሁት ግን 2 ኪሎ እርሳስ ነው። ጠላቂ ከውኃ በታች ሰውነቱን አግድም አድርጎ ለመያዝ ከመሣሪያው ላይ የሚያስረው ይህ ሚዛን ማስያዣ ክብደት፥ ሲያዩት ተራ ነገር ነው፤ ነገር ግን በእኔ ላይ አንድ ጊዜ ሥራዬን አበላሽቶ፥ በሌላ ጊዜ ደግሞ ለከፋ አደጋ አጋልጦኝ ነበር።

ጭነት የጫነ ሰው ሁሉ መሠረቱን ያውቀዋል። ከበቅሎው ጭነት አንዱ ወገን የቀለለ እንደ ሆነ ነጋዴው ድንጋይ ያክልበታል፥ ወይም ጭነቱን ያዛውረዋል። በውኃ ውስጥ የሚለየው፥ ሰውነትን ወደ ታች ከሚስበው ክብደት ሌላ ወደ ላይ የሚያነሣው የውኃ ግፊት መኖሩ ነው። እነዚህ ሁለት ኃይሎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማእከል አላቸው። መርከብ የስበት ማእከሉ ከግፊቱ ማእከል በላይ ቢሆንም ላይገለበጥ ይችላል፤ ሲያዘነብል የጠለቀው ክፍሉ ቅርጽ ተለውጦ የግፊቱ ማእከል አብሮ ይዛወርለታልና። ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ በ1746 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ይህንኑ ነው። ፈጽሞ የጠለቀ አካል ግን ይህን ምሕረት አያገኝም፤ የስበት ማእከሉ በቀጥታ ከግፊቱ ማእከል በታች እስኪውል ድረስ ይዞራል። እርሳሱን ሁሉ ወገቡ ላይ የታጠቀና ከባድ የመቅዘፊያ ጫማ ያደረገ ጠላቂ እግሩ ወደ ታች የሚወርደው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጥልቀት ዋናን የተማርሁት በቀይ ባሕር ሲሆን፥ የመጀመሪያ ሥራዬ በአገራችን ካሉት ግድቦች በአንዱ የውኃ ማስገቢያውን የብረት ፍርግርግ መመርመር ነበር። ተርባይኖቹ ቆመዋል፤ ጥልቀቱ 12 ሜትር ነው። በቀይ ባሕር የለመድሁትን 8 ኪሎ እርሳስ እንዳለ ታጥቄ ገባሁ። መሐንዲስ ነኝና ይህን ስሕተት ስናገር አፍራለሁ። የቀይ ባሕር ውኃ እጅግ ጨዋማ ስለሆነ አንዱ ሊትር እስከ 1 ኪሎ ከ28 ግራም ያህል ይመዝናል። እኔና መሣሪያዬ 100 ሊትር ያህል ውኃ እናስለቅቃለን፤ ስለዚህ ጨው በሌለው ውኃ ውስጥ ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ ድጋፍ አጣሁ ማለት ነው። ያንን ለማካካስ የሰደርያዬን ከረጢት በአየር ሞላሁት። አየሩ ደረቴን ወደ ላይ ሲያነሣ፥ ትርፉ እርሳስ ወገቤን ወደ ታች ጎተተው። እንደ ቆመ ሰው ሆኜ ወደ ፍርግርጉ ስጠጋ፥ እያንዳንዱ የእግሬ ምት ለብዙ ዓመታት የተከማቸውን ደለል አስነሣ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ የራሴን እጅ ማየት አልቻልሁም። የመጣሁበትን ፍርግርግ ሳልመረምር ገመዱን ተከትዬ ወጣሁ።

በማግስቱ እርሳሱን ወደ 5 ኪሎ ቀነስሁ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበር። ከዚያ ግን እግሬን ለማንሣት ቸኩዬ 4ቱን ኪሎ በሲሊንደሩ የላይኛው ማሰሪያ ላይ አሰርሁና ለቀበቶዬ 1 ኪሎ ብቻ ተውሁ። ገመድ ያዣችን ዕድሜያቸው የገፋ፥ ብዙ ጠላቂ ያወጡ ሰው ናቸው። ዙሪያዬን ተመለከቱና፥

«ልጄ፥ ሰደርያው ቢቀደድ ምን ትጥላለህ?» አሉኝ።

«ቀበቶውን ነዋ፥ ጋሼ» አልኋቸው።

«አንዱን ኪሎ?»

መልስ አልነበረኝም። ተቀምጬ አሰላሁ። የ11 ሊትሩ የአልሙኒየም ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ በውስጡ ያለው አየር ብቻ ወደ 2.7 ኪሎ ይመዝናል። የእርሳሱ ልክ የሚወሰነው ደግሞ ሲሊንደሩ ሊያልቅ በተቃረበበት ሰዓት ስለሆነ፥ ጠላቂው ሲገባ በዚህ መጠን ከባድ ሆኖ ነው የሚገባው። በዚያ ላይ የአረፋ ጎማው ልብስ በ12 ሜትር ጥልቀት ተጨምቆ ከተንሳፋፊነቱ ግማሽ ያህሉን ያጣል። አንድ ኪሎ መጣል ከዚህ ሁሉ አያወጣኝም ነበር። ከጀርባ የታሰረውን 4 ኪሎ ደግሞ ጠላቂ በጭንቅ ሰዓት በእጁ ደርሶ ሊፈታው አይችልም። ወደ ላይ ብወጣም እንኳ ያ ክብደት በውኃው ገጽ ላይ ወደ ኋላ ይጎትተኝ ነበር።

እንግዲህ የሚዛን ማስያዣው መጠን የሚታወቀው ከሌላው ወገን ተነሥቶ ነው። በመጀመሪያ በአንድ እጅ የሚፈታው ቀበቶ ቢያንስ የአየሩን ክብደት እንዲተካ ይደረጋል። ሦስት ኪሎ እርሳስ በውኃ ውስጥ 2.7 ኪሎ ያህል ይመዝናልና ይበቃል። ለትከሻ የሚተርፈው 2 ኪሎ ነው። ጫማዎቼ በውኃ ውስጥ 1 ኪሎ ያህል ይጎትታሉ፤ ከወገቤ የሚርቁት 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለት ኪሎ ከወገብ 45 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ሲዛወር ከሞላ ጎደል ይህንኑ ይመጣጠነዋል። ሂሳቡ እንዲህ መገጠሙ ዕድል ነው፤ ባይገጥም ኖሮ መለወጥ የሚገባው ጫማው እንጂ የቀበቶው ልክ አይደለም።

አስተሳሰሩም ጥንቃቄ ይሻል። ሁለቱ አንድ አንድ ኪሎ እርሳሶች ከሲሊንደሩ ግራና ቀኝ በእኩል ርቀት ይውላሉ፤ አለዚያ ጠላቂው በጎኑ ይንከባለላል። ማሰሪያው በእርሳሱ የመጀመሪያ ቀዳዳ ገብቶ አንድ ጊዜ ከተጠመዘዘ በኋላ በሁለተኛው ይወጣል፤ ያ ጥምዝ ነው እርሳሱን ከመንሸራተት የሚይዘው። የናይለን ማሰሪያ ሲርስ ስለሚላላ አስቀድሞ በውኃ ነክሮ ማጥበቅ ይገባል። (ይህን ያልነገሩኝ አስተማሪዎቼን እስከ ዛሬ እወቅሳለሁ።)

ማስተካከያው የሚደረገው በ5 ሜትር ጥልቀት፥ ሲሊንደሩ ወደ 50 ባር ሲወርድ ነው። እጅና እግር ሳያንቀሳቅሱ ጥቂት ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ሰውነት ወዴት እንደሚዞር ማየት ነው። እግር ከወረደ እርሳሱ ወደ ሲሊንደሩ አንገት ይጠጋል፤ ራስ ከወረደ ወደ ወገብ ይመለሳል፤ በየጊዜው የሚዛወረው ከአንድ መዳፍ አይበልጥም። በሙሉ ሲሊንደር የተለካ ሚዛን በመጨረሻ ያታልላል፤ የአልሙኒየሙ ሲሊንደር ታችኛው ጫፍ አየሩ ሲጎድል ወደ ላይ ይነሣልና።

በሦስተኛው ቀን በዚሁ ልክ ወረድሁ። ሆዴ ከደለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፥ ጉልበቴን አጥፌ ከፍርግርጉ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው አለፍሁ፤ ውኃውም እንደ ጠራ ቆየ። ከታች በኩል ሁለት ዘንጎች ተጣምመው በመካከላቸው የዛፍ ግንድ ተሰክቶ አገኘሁ። ወጥቼ ሪፖርቱን ከመጻፌ በፊት ገመድ ያዣችን ቀበቶዬን በእጃቸው መዘኑት።

ሁለቱን እርሳሶችና ማሰሪያውን ከዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ጥምዙን ሞክሮ ማየት የሚፈልግ ባልደረባ ከሻይ ዕረፍቱ በፊት ወደ ፊት ይምጣ።