ሰሚ ያጣ ሕመም

በጭላሎ ግርጌ፣ አሰላ ላይ፣ የሆድ ሕመሙ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሥቶብኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የሰገራ ምርመራው ንጹሕ ነው፤ ጭንቀት ነው» አለኝ። የውጤቱን ወረቀት አጣጥፌ ወጣሁ።

የሆድ ሕመም የሚያመጣው ጃርዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ግን በየቀኑ ከሰገራ ጋር አይወጣም፤ አንድ ምርመራ ሊስተው ይችላል። ለዚህ ነው በተለያዩ ቀናት እስከ 3 ናሙና መስጠት የሚመከረው። «ይደገምልኝ» ማለት ድፍረት አይደለም። ሕመሙ የተነሣበትን ቀንና የወሰዳችሁትን መድኃኒት ጽፋችሁ ሂዱ። ጃርዲያ በውኃም ስለሚተላለፍ የምትጠጡትን ውኃ አፍሉ፤ አሰላ ላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ስለምንኖር ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የተናገረውስ ሰሚ ካጣ? ሐኪሞቻችን፣ እባካችሁ አንድ አፍታ ቀና በሉልን።