ስለ ሕፃናት ተቅማጥና ስለ ጥርስ መብቀል



ሕፃን ስድስት ወር ያህል ሲሆነው ድዱ ያብጣል፤ ጥርሱም ሊበቅል ይጀምራል። በዚያው ወራት ደግሞ ተቅማጥ ይይዘዋል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዘመን ስለሚመጡ፥ ብዙ ሰዎች ተቅማጡን ያመጣው ጥርሱ ነው ብለው አሰቡ። ከዚህም አሳብ የተነሣ፥ «ግግ ይውጣለት» እየተባለ ገና ያልበቀለው ጥርስ ከሕፃኑ ድድ ውስጥ በስለት ተፈልፍሎ የሚወጣበት ስፍራ አለ። ነገር ግን ጥርስና ተቅማጥ በአንድ መንገድ ላይ የተገናኙ መንገደኞች ናቸው እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት አይደለም።

ሕፃኑ በዚህ ዕድሜው መዳኽ ይጀምራል፤ ያገኘውንም ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ከእናቱ የተቀበለው በሽታን የመከላከል ኃይልም እየደከመ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ነው የበሽታው ዘር የሚያገኘው።

ከነዚህ ዘሮች አንዱና ብርቱው ሮታ ቫይረስ ነው። ይህንንም በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ሩት ቢሾፕ የምትባል አውስትራሊያዊት ሊቅ ከባልደረቦቿ ጋራ በሜልበርን ከተማ፥ በተቅማጥ ከታመሙ ሕፃናት አንጀት አገኘችው። እጅግ ረቂቅ ስለ ሆነ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካልሆነ በቀር አይታይም። መልኩ መንኰራኵር ስለሚመስልም ሮታ ተባለ፤ ትርጓሜውም በላቲን ቋንቋ መንኰራኵር ማለት ነው።

ቫይረሱ ከታመመው ሕፃን ዐይነ ምድር ጋራ ይወጣል፤ ባልታጠበ እጅና ባልጸዳ ዕቃም ወደ ሌላው ሕፃን አፍ ይደርሳል። ሁለት ቀን ያህል ቆይቶ ትኩሳት፥ ትውከትና እንደ ውሃ የቀጠነ ተቅማጥ ያመጣል። የሚያጠፋውም ውሃንና ምግብን ወደ ደም የሚያስገባውን የትንሹን አንጀት ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲበላሽ የሰውነት ውሃና ጨው ይፈስሳል፤ ሕፃኑን የሚገድለውም የዚህ ማለቅ ነው።

እንግዲህ ጥርስን ማውጣት ለአንጀት ምን ይጠቅማል? ደሙን ያፈስሰዋል፤ በስለቱም ሌላ በሽታ ይገባበታል፤ ኋላ የሚበቅለውንም ጥርስ ያበላሻል። ተቅማጡ እንዲቆም ብሎ ውሃና ጡት መከልከልም የሚያፈስስን እንስራ ውሃ አትጨምሩበት እንደ ማለት ነው። አንቲባዮቲክ የሚባለው መድኃኒትም ቫይረስን አይገድልምና ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ።

የሚገባው ግን ይህ ነው። እናቲቱ ጡት ማጥባቷን አታቋርጥ። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር አንዱን እሽግ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ትበጥብጠው፤ ሕፃኑ ባስቀመጠው ቍጥርም በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ታጠጣው። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ያህል ቆይታ እንደ ገና በዝግታ ትስጠው። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ ቢቆይ ይደፋ። ከዚህም ጋራ ዚንክ የሚባለውን እንክብል የጤና ሠራተኛው ባዘዘው መጠን ትስጠው።

የሕፃኑ ዐይን ቢሰረጕድ፥ እርግብግቢቱ ቢጐደጕድ፥ ሽንቱ ቢያንስ፥ መጥባት ቢያቅተው፥ ወይም በተቅማጡ ደም ቢታይ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ይህን በሽታ የሚከላከል በአፍ የሚሰጥ የክትባት ጠብታም አለ፤ በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። ተቅማጥን ሁሉ አያስቀርም፤ ነገር ግን የሮታ ቫይረስን ብርቱ ሕመም ይቀንሳል። ስለዚህ ሕፃኑ በተወለደ በ6ኛው ሳምንት ወደ ክትባቱ ይወሰድ።

መምህራን ሆይ፤ ተማሪዎቻችሁ በየቤታቸው የታናናሾቻቸው ጠባቂዎች ናቸውና፥ እጅን በሳሙና መታጠብንና ይህን ውሃ ማሰናዳትን አስተምሯቸው። ሽማግሌዎች ሆይ፤ እናት ሕፃኗን አቅፋ ወደ ግግ አውጪው ቤት ልትሄድ ስትነሣ፥ ምክር የምትጠይቀው እናንተን ነው። በዚያች ሰዓት «ተይ ልጄ፤ ጥርሱን አታስነኪ፤ አጥቢው፥ አጠጪው፥ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰጂው» ብትሏት፥ ቃላችሁ ሕፃኑን ከሞት ሊያድነው ይችላል።