በሰው ፊት ዜማ ሲያሰሙ ስለሚመጣ ፍርሃት

በናይሮቢ ከተማ በሁርሊንግሃም ለመምህራን የተደረገ ንግግር



በዚህ በሁርሊንግሃምና በአካባቢው ከምንኖረው ኢትዮጵያውያን አንዳንዶቻችን ልጆቻችንን ፒያኖ ወይም ቫዮሊን፥ ሌሎቻችንም ክራር እናስተምራለን። ልጁ በቤቱ ሲጫወት ጣቱ አይስትም። ከፈታኝ ፊት ወይም በበዓል ቀን ከተሰበሰበው ሕዝብ ፊት በቀረበ ጊዜ ግን እጁ ይቀዘቅዛል፥ አፉ ይደርቃል፥ የሚያውቀውም ይጠፋበታል። ያን ጊዜ ወላጁ አልተማረም ይላል፤ መምህሩም አላጠናም ብሎ ይቆጣል። እኔ እንደሚመስለኝ የሁለቱም ፍርድ ትክክል አይደለም።

ፍርሃት የስንፍና ምልክት ላለመሆኑ ታላላቆቹ ምስክሮች ናቸው። ሾፓን በሕዝብ ፊት መጫወትን ይጠላ ነበር፤ በዕድሜው ሁሉ ለሕዝብ ያቀረበውም ሠላሳ ያህል ጊዜ ብቻ ነው። ሴሎ በመጫወት ስሙ የገነነው ፓብሎ ካሳልስ እስከ እርጅናው ድረስ ከመድረክ ፍርሃት አልተላቀቀም። ሆሮዊትዝም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1953 እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ ከመድረክ ርቆ ኖሯል።

ነገሩ የአካል ሥራ ነው። ሰው አንበሳም ቢያይ (በዚህ ከተማ ዳር አንበሳ መኖሩን ታውቃላችሁ) ፈታኝም ቢያይ፥ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ቅመም ያፈሳሉ። ልብ ይፈጥናል፤ ደምም ከጣቶች ሸሽቶ ወደ ትላልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል። ይህ ለሚሮጥ ሰው ይጠቅማል፤ ክራር ለሚደረድር ግን እንቅፋት ነው።

እንግዲህ ልጁን «ተረጋጋ» ማለት ይበቃልን? አይመስለኝም። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባሉ የሐርቫርድ ተመራማሪ በ2014 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተሙት ጥናት፥ ከመዝፈናቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉት ሰዎች «ፈርቻለሁ» ካሉት ይልቅ ዜማውን አስተካክለው ተገኝተዋል። የልብ መምታቱ ያው ነው፤ የተለየው የተሰጠው ስም ነው።

የራሳችንም የዜማ ትምህርት ቤት በዚህ ነገር ብልህ ነው። ደቀ መዝሙሩ በቅኔ ማኅሌት መቋሚያውን ይዞ ሲቆም መጀመሪያ ድምፁ በብዙዎች ድምፅ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ብቻውን እንዲመራ የሚደረገው ከቆየ በኋላ ነው። በገናም ቢሆን የጸሎት መሣሪያ ስለሆነ፥ የሚደረድረው ሰው ብዙውን ጊዜ ጭብጨባ አይጠብቅም። እኛ ግን ልጁን ከጓዳ አውጥተን በአንድ ቀን ከሁለት መቶ ሰው ፊት እናቆመዋለን።

የማውቃት አንዲት ልጅ በአንድ ትምህርት ቤት በዓል ላይ መሐል ላይ ጠፍቷት ቆመች፤ መምህሯም በሰው ፊት ገሠጿት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ፒያኖውን አልነካችም። የጎዳት የጠፋው ዜማ ሳይሆን ተግሣጹ ነው። በኋላ ሌላ መምህር ዜማውን በአራት ቦታ ምልክት አድርጎላት፥ ቢጠፋት ከሚቀጥለው ምልክት እንድትነሣ አለማመዳት። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ብቻ የሚጀምር ልጅ ክሩ ከተበጠሰ የሚይዘው የለውምና። ደግሞም አስቀድማ ለአያቷ ብቻ፥ ቀጥላ ለሦስት ጎረቤቶች ተጫወተች።

ስለዚህ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በየወሩ በአንዳችን ቤት ቡና በሚፈላበት ሰዓት አምስት ወይም ስድስት ልጆች እየተሰበሰቡ ይጫወቱ። ነጥብ አይሰጥ፤ የተሳሳተውም ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ይሂድ። እኛም መምህራኑ ከልጆቹ በፊት አንድ አንድ ዜማ እናሰማ፤ የእኛም እጅ ሲንቀጠቀጥ ይዩት።